ቀልብሽ የት ነው?

የዚህ ወር ጨዋታችን ስለ ቀልብ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ «ይህቺ ልጅ ቀልብ የላትም» ስትባል ስላደገች፣ ትዳር ይዛም፣ ወልዳም ይኸው ስም ስላልለቀቃት ሴት እናወራለን። ምናልባት አንቺ ነሽ፤ ምናልባት እህትሽ ወይም ጎረቤትሽ ናት።

ቂሊንጦ ወይም ሌላ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ኖረሽ፣ ውኃ በፈረቃ ሲመጣ ካየሽ ይህን ታውቂዋለሽ። ቀን ቧንቧውን ትከፍቻለሽ፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። በዚያው ስልክ ይጠራል፣ ወይም ልጅ ያለቅሳልና ጥለሽው ትሄጃለሽ። ሌሊት ውኃው ሲመጣ ቧንቧው እንደተከፈተ ያገኘዋል። የምትነቂው የታችኛው ፎቅ ጎረቤት በርሽን ሲደበድብ ነው። ይህ በማንም ቤት አንድ ቀን ይደርሳል። ደጋግሞ የሚደርስባት ሴት ግን አለች። እሷ ዘንድ ወጡ ያርራል፤ የመብራት ካርዱ ልክ እንጀራ ሲጋገር ያልቃል፤ የልጁ ደብተር ታክሲ ውስጥ ይቀራል፤ የእድሩ መዋጮ በየወሩ የሚከፈለው ከነቅጣቱ ነው። ሰነፍ እንዳትያት ከማንም በላይ ስትሯሯጥ ትውላለች። ሞኝ እንዳትያት በሥራ ቦታዋ ፈጣን፣ በጨዋታ ተወዳጅ፣ ለቸገረው ቀድማ ደራሽ ናት። ቤቷ ግን አልያዝ ይላታል።

በእኛ አገር ሴት የምትመዘነው በቤቷ ነው። «ባለሙያ ናት» ማለት ትልቅ ምስጋና ነው፤ «ዝርክርክ» ማለት ደግሞ ከባድ ስድብ። ስለዚህ ይህቺ ሴት ሰው ሊመጣባት ሲል ትደነግጣለች፤ ያልታጠበውን መኝታ ቤት ውስጥ ትከምርና በሩን ትቆልፋለች። ከባለቤቷ ጋር የሚነሣው ጭቅጭቅ ስለ ቁልፍ ወይም ስለ ካርድ ይጀምርና «ግድ የለሽም፣ ቤትሽን አትወጂም» እስከሚል ይደርሳል። እሷም ውላ አድራ ታምነዋለች። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ትዳርም የሚናጋው፣ ሴቲቱም ራሷን የምትጠላው ስለማታውቀው ነገር ነው።

ነገሩ በሕክምናው ዓለም ስም አለው። እ.ኤ.አ. በ1980 የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያውን ሲያወጣ ኤዲዲ ብሎ ሰየመው፤ ትኩረት የማነስ ችግር ማለት ነው። ያን ጊዜ መቅበጥበጥ ያለበትንና የሌለበትን ለይቶ ነበር የጻፈው። በ1987 ስሙ ኤዲኤችዲ ሆነ፤ የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር። እስከ ዛሬ የሚጠራው በዚሁ ነው። ከመቶ አዋቂዎች ሁለት ወይም ሦስት ያህሉ እንዳለባቸው ይገመታል። በዘር የመውረድ ኃይሉም ትልቅ ነው። ብዙ እናቶች ስለ ራሳቸው የሚያውቁት ልጃቸው ሲመረመር ሐኪሙ የሚዘረዝረው ምልክት የራሳቸው ታሪክ ሆኖ ሲያገኙት ነው።

ታዲያ ሴቶች ለምን ሳይታወቅላቸው ይቀራል? ክፍል ውስጥ ወንበር ላይ የሚዘለው ወንድ ልጅ መምህሩን ስለሚያስቸግር ይታያል። መስኮት አጠገብ ተቀምጣ በሐሳብ ጭልጥ የምትለው ልጅ ግን ማንንም አታስቸግርም። «ጨዋ ናት፣ ብቻ ትኩረት ቢኖራት» ተብላ ታልፋለች።

ችግሩ ምን ላይ እንደሚይዝ ለማየት እንጀራን እናንሣ። ዱቄቱ ዛሬ ይቦካል። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ላዩ ላይ የጠለለው ውኃ ይደፋል፤ አብሲት ይጣላል፤ ኩፍ እስኪል ይጠበቃል፤ ከዚያ ምጣዱ ይጣዳል። እያንዳንዱን እርምጃ ይህቺ ሴት ከእናቷ እኩል ታውቀዋለች። የሚያቅታት በእርምጃዎቹ መካከል ያለው ጊዜ ነው። አብሲት ጥላ «እስኪነሣ ልብስ ልጠብ» ትላለች፤ ልብሱን ስታነሣ የተቀደደ ኪስ ታያለች፤ መርፌ ፍለጋ ስትገባ የቆየ ፎቶ ታገኛለች፤ ፎቶውን ይዛ እህቷ ጋ ትደውላለች። ሊጡ በዚህ መሀል ከቡሃቃው ወጥቶ ወለሉን ይዞታል። በዓይኗ ፊት የሌለ ነገር ለእሷ የለም። ደስ የሚላትን ሥራ ስትይዝ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ ምሳ ሰዓት ማለፉን እንኳ ሳታውቅ ትቆያለች። ቀልቧ አለ፤ ወደፈለገችው ቦታና ሰዓት እንደ ልብ አይታዘዝላትም እንጂ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። አንዳንድ ሴቶች «ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ወዲህ ነው እንዲህ የሆንኩት» ይላሉ። ምን ተለወጠ? አእምሯቸው ያው ነው። የቀድሞውን ግቢ አስቢው። የጋራ ግቢ፣ የጋራ ማድ ቤት፣ ፊት ለፊት የሚተያይ በር። ወጥሽ ሲሸት «አረረብሽ!» የምትል ጎረቤት አለች። ልጅሽ ወደ መንገድ ሲወጣ የምትመልሰው ሌላ እናት ናት። ቧንቧው ግቢው መሀል ስለሆነ ክፍት ቢቀር ያየው ሰው ይዘጋዋል። ለቅሶ ሲሆን የእድሩ ጡሩምባ ይነፋል፤ ማስታወስ አያስፈልግሽም። ያ ግቢ ቤተሰቡን ሁሉ የሚጠብቅ አንድ ትልቅ ማስታወሻ ነበር፤ ቀልብ የሚጎድላትን ሴት ጉድለቷ ሳይታወቅባት ያኖራት ነበር።

ከዚያ ዕጣ ይወጣል፤ ቂሊንጦ ይደርሳል። የራስ ቤት ነውና እልል ይባላል። ግን በሩ ይዘጋል፤ ጎረቤቱም እንደ አንቺው አዲስ ነው። እናትሽ ከተማው ሌላ ጫፍ ቀርታለች። ሥራሽ መሀል ከተማ ከሆነ ንጋት ላይ ወጥተሽ ታክሲ ትሰለፊያለሽ፤ መገናኛ ስትደርሺ «ቁልፉን ረሳሁ» ብለሽ የምትመለሺበት ርቀት አይደለም። ዳር አገር ላይ መርሳት ዋጋው ይንራል። ድጋፉ ሲነሣና ጭነቱ ሲበዛ፣ ድሮም የነበረው ገሀድ ይወጣል።

ስለዚህ መፍትሔው «ከነገ ጀምሮ ጠንቃቃ እሆናለሁ» የሚል መሐላ አይደለም። ያን መሐላ ስንቴ እንደማልሽው ራስሽ ታውቂያለሽ። የጠፋውን ግቢ በሌላ መልክ መልሺው፤ ጭንቅላትሽ ውስጥ የማይቀመጠውን ነገር ውጭ ላይ፣ ዓይንና ጆሮ በሚያገኙት ቦታ አስቀምጪው። እንዴት?

ከቧንቧው እንጀምር። ደማቅ ቀይ ጨርቅ ወጥ ቤት ይኑርሽ። ውኃ መጥፋቱን ያየሽ ለት ቧንቧውን ዝጊና ጨርቁን እሰሪበት። ከመተኛትሽ በፊት የታሰረ ጨርቅ ካለ ቧንቧውን አንዴ ነክተሽ አረጋግጪ። ለምድጃም ሕግ አውጪ፤ ድስት ተጥዶ ከወጥ ቤት የምትወጪ ከሆነ የስልክሽን ደወል ሞልተሽ፣ ማማሰያውን በእጅሽ ይዘሽ ውጪ። ማማሰያ ይዘሽ ሳሎን ስትቀመጪ ለምን እንደያዝሽው ትጠይቂያለሽ።

ለቁልፍ፣ ለመታወቂያና ለመብራት ካርድ በሩ አጠገብ አንድ ሚስማር ወይም አንድ ሙዳይ ይበቃል፤ ሁለተኛ ቦታ አይኑር። የልጆች ቦርሳ ማታ ከእራት በኋላ ተሞልቶ በሩ ሥር ይደር። ጠዋት ማሰብ ያለብሽ ነገር ባነሰ ቁጥር ይሻላል።

ሰዓትና ቀን ደግሞ የእኛ አገር ሴት ብቻ የምትሸከመው ተጨማሪ ጣጣ አላቸው። ስልክሽ በፈረንጅ ሰዓት ከሆነ፣ የጠዋት 1 ሰዓት ቀጠሮ እሱ ዘንድ 7:00 ነው፤ ስድስት ሰዓት መደመርና መቀነስ ለተበታተነ ሐሳብ ወጥመድ ነው። የቤት ኪራዩና እድሩ በእኛ ወር ይቆጠራል፤ ስልኩ ግን በፈረንጅ ወር ያስታውሳል። ሁለቱን ቀን ጎን ለጎን የሚያሳይ የግድግዳ ካላንደር ግዢና ማቀዝቀዣው አጠገብ ስቀይው። ቀጠሮ ስትቀበዪ፣ ስልኩን ሳትዘጊ «በማን አቆጣጠር ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ከዚያ እዚያው ቆመሽ ጻፊው። «በኋላ እጽፈዋለሁ» የምትባለዋ ቃል ከቤትሽ ትውጣ።

ገንዘብ እጅሽ ላይ የማይቆይ ከሆነ ዕቁብ መድኃኒትሽ ነው። ሰብሳቢው መጥቶ ይጠይቅሻልና ማስታወስሽ ላይ አይመካም። የእድሩንም መዋጮ፣ እድራችሁ ከፈቀደ፣ የሦስት ወር አንድ ላይ ክፈይ።

ሥራ ልጀምር ብለሽ ሰዓታት ቁጭ የምትዪ ከሆነ ሰው አጠገብሽ አድርጊ። የተከመረው ልብስ ብቻሽን ስትሆኚ ተራራ ነው። ቅዳሜ አንዷን ጎረቤት ቡና ጥሪያት፤ ከአቦል እስከ በረካ እየተጫወታችሁ እጅሽ ልብስ ይጠፍ። እሷ ምንም እንድትሠራልሽ አያስፈልግም፤ መኖሯ ብቻ ቀልብሽን ቦታው ላይ ያቆየዋል። በሌላ ቀን አንቺ የእሷን ሽንኩርት እየከተፍሽ ትውያለሽ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? እግረ መንገድሽንም «ወጥ ሲሸትሽ በሬን አንኳኪ» የምትያት ሰው አገኘሽ ማለት ነው።

የሚተወውንም ተዪ። እንጀራ መጋገሩ በየሳምንቱ የሚያስለቅስሽ ከሆነ ከምትሸጠው ሴት ግዢ። አማትሽ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። ልጆችሽ ግን የሚያስታውሱት የማን እጅ እንደጋገረው ሳይሆን ማታ እናታቸው እየሣቀች እንደነበረ ነው።

ባለቤትሽንም ቁጭ አድርጊና አናግሪው፤ ጠብ በተነሣ ሰዓት ሳይሆን ረጋ ባለ ቀን። «እርዳኝ» አትበይው። የሚረዳ ሰው ታስታውሺው ዘንድ ይጠብቅሻል፤ ያ ደግሞ ያንኑ የማይሆንልሽን ሥራ ይጨምርብሻል። ከዚያ ይልቅ አንድ ነገር ሙሉ በሙሉ ይውሰድ። የመብራት ካርዱ የእሱ ነው ከተባለ ማለቁን የሚያየው፣ የሚሞላው፣ መብራት ቢጠፋም የሚጠየቀው እሱ ነው። አንቺም የሚሆንልሽን ሙሉ በሙሉ ያዢ።

ሐኪም ማየትን አትፍሪ። መርሳት ሁሉ ኤዲኤችዲ አይደለም። የታይሮይድ ዕጢ መዛባት፣ የደም ማነስ፣ ድብርት፣ ጭንቀት፣ ወይም ሌሊቱን ሙሉ ከሚነቃ ሕፃን ጋር ማደር ያንኑ ሊያመጡ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው መለኪያ መሠረት፣ ትኩረት በማጣት በኩል ለአዋቂ ከዘጠኝ ምልክቶች ቢያንስ አምስቱ ያስፈልጋሉ፤ ጥቂቶቹ ከ12 ዓመት በፊት የታዩ፣ ከቤትም ውጭ ለምሳሌ በሥራ ቦታ የሚታዩ፣ ኑሮንም የሚያውኩ መሆን አለባቸው። ስለዚህ ስትሄጂ ልጅነትሽን የሚያውቅ ሰው ይዘሽ ሂጂ፤ እናትሽ ወይም ታላቅ እህትሽ ብትሆን መልካም ነው። የቆየ የትምህርት ቤት ካርድሽ ከተገኘ የመምህሩ አስተያየት ይጠቅማል። መርካቶ አካባቢ ያለው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ስሙን ሰምተሽ ትሸማቀቂ ይሆናል፤ ወደዚያ የሚሄደው ግን ጨርቁን የጣለ ሰው ብቻ አይደለም። በሌሎች ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሐኪም ማግኘት ይቻላል።

መድኃኒትም አለው። ሜቲልፌኒዴት የሚባለው ከታወቁት አንዱ ሲሆን ቁጥጥር ስለሚደረግበት የሚወሰደው በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ነው። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ፣ ጡት የምታጠቢ ከሆነ፣ የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ካለብሽ አስቀድመሽ ተናገሪ። «ጫት ስቅም ሐሳቤ ይሰበሰባል» የሚሉም አሉ። ጫት አነቃቂ ነውና ለጊዜው እንዲያ ሊመስል ይችላል፤ ግን እንቅልፍ ይነሣል፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ በማግስቱ የባሰ ይረሳል።

በመጨረሻ ልጆችሽን ተመልከቺ። ከመካከላቸው አንዷ እንደ አንቺ በሐሳብ የምትሄድ፣ እርሳስ የሚጠፋባት፣ ሦስት ነገር ስታዢያት አንዱን ብቻ ይዛ የምትመጣ ከሆነች፣ «ቀልብ የለሽም» የሚለውን ቃል ለእሷ አታውርሺ። አንድ አንድ ነገር እዘዣት፤ በዓይኗ እያየሽ ንገሪያት፤ ደብተሯን የምታኖርበትን ቦታ አብረሻት ምረጪ።

ይህን ሁሉ በአንድ ሳምንት ልጀምር እንዳትዪ፤ እሱም ይረሳል። ዛሬ ማታ ሚስማሩን ብቻ ምቺ፤ ቁልፉን ስቀዪበት። የሚቀጥለውን በሚቀጥለው ሳምንት ታደርጊዋለሽ። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ቸር ሰንብቺ።