“ወንድሟ በሞተበት መንገድ እንዴት ሒሳብ ላስተምራት?”

በዚህ አምድ የፍቅርና የትዳር ጣጣ ብቻ ሳይሆን የሥራ ጭንቀትም እንደሚነሳ ታውቃላችሁ። የዛሬው ደብዳቤ ከወደ ሰሜን ጎንደር፣ ከደባርቅ ነው የመጣው። አሳጥረን እነሆ!

«ይድረስ ለአምዱ አዘጋጆች፤ እንደምን ሰነበታችሁ? የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ጎንደር ሲሆን እዚህ አስፋልት ዳር ባለ አንድ ትምህርት ቤት ሒሳብ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። አምና አንድ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ወደ ቤቱ ሲመለስ አይሱዙ ገጭቶት ሞተ። ታላቅ እኅቱ ዘንድሮ የእኔ ተማሪ ናት፤ አራተኛ ክፍል። አሁን ‹የመረጃ አያያዝ› የሚለው ትምህርት ላይ ደርሰናል። አምና ከመጽሐፉ ሠንጠረዥ ሰሌዳ ላይ ገልብጬ አስተማርኩ፤ ማንም አልገባውም። ዘንድሮ በየቀኑ የሚያዩትን መንገድና መኪና ላስቆጥራቸው አሰብኩ። ልጅቷን ሳያት ግን እጄ ይዝላል። አንድ ባልደረባዬ ‹ቁስል አትነካኪ፤ ብርቱካንና ሙዝ አስቆጥሪ› ይለኛል። አዲስ አበባ ያለው እጮኛዬ ደግሞ ‹ምን አስጨነቀሽ? ለቀሽ ነይ› ባይ ነው። እኔ ግን ዝም ብል ሌላ ልጅ የሚሞት እየመሰለኝ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

«ጠመኔ የያዝኩት ነኝ፣ ከደባርቅ»

እኅቴ ሆይ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት። መልሴ አጭር ነው፦ አስተምሪው! ግን የሞተውን ሳይሆን ያሉትን አስቆጥሪ።

ጭንቀትሽ ያለ ምክንያት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑ ልጆችንና ወጣቶችን በመግደል በዓለም ላይ ቀዳሚው የመንገድ አደጋ ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2016 በይፋ የተመዘገበው ሟች 4,352 ነበር። ድርጅቱ በራሱ ስሌት የገመተው ግን ከ27,000 በላይ ነው! አየሽ? ግምቱ እውነት ከሆነ ብዙ ሺህ ሰው ሳይቆጠር ተቀብሯል ማለት ነው። መረጃ አያያዝ የብርቱካንና የሙዝ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ይሄን የምነግርሽ ግን ለአንቺ ነው እንጂ ለአራተኛ ክፍል ልጆች እንድትነግሪያቸው አይደለም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

መጀመሪያ እናትየዋ ዘንድ ሂጂ። ቡና ላይ ቁጭ ብለሽ ያሰብሽውን በግልጽ ንገሪያት። እሷ እሺ ካለች ልጅቷን ለብቻዋ ጠይቂያት። መኪና መቁጠር ካልፈለገች ሰዓት ትያዝ፤ እሱንም ካልፈለገች ክፍል ውስጥ ግራፉን ትሳል። ምርጫው የእሷ ይሁን። የወንድሟን ስም ክፍል ውስጥ እንዳታነሺ። ደግሞ አደራ፣ «ልጆች ስለማይጠነቀቁ ነው የሚሞቱት» የምትል ቃል ከአፍሽ እንዳትወጣ! አንቺ ለሁሉም ብለሽ ብትናገሪም፣ እሷ የምትሰማው «ወንድምሽ ጥፋተኛ ነው» የሚለውን ነው።

ሁለተኛ፣ ልጆቹን አስፋልት ዳር አታውጪ። ከአጥር ውስጥ ሆነው ይቁጠሩ። በቡድን ከፋፍያቸው፤ አንዱ ቡድን አይሱዙ፣ አንዱ ሚኒባስ፣ አንዱ ባጃጅ፣ አንዱ ጋሪ። ለእያንዳንዱ አንድ ሰረዝ፤ አምስተኛው ሲመጣ አራቱን አቋርጦ ይሰመር። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። አንድ ጊዜ በገበያ ቀን፣ አንድ ጊዜ በአዘቦት ቀን አድርጊው። ከዚያ ባዶ የክብሪት ሳጥን አሰብስቢና አንዱን ሳጥን እንደ አምስት መኪና ቆጥረው ይደርድሩት። ግራፍ ማለት ይኸው ነው! ወደ ደብተር መገልበጡ ቀላል ይሆናል።

ሦስተኛ፣ «የቱ በዛ?» ብለሽ ብቻ አታቁሚ። «መኪና የሚበዛው በስንት ሰዓት ነው? እኛ ከምንለቀቅበት ሰዓት ጋር ይገጥማል ወይ?» በይ። ሌላም አለ። በአገራችን መኪና ቀኙን ይዞ ስለሚሄድ እግረኛ ግራውን ይዞ የሚመጣውን ፊት ለፊት እያየ መሄድ አለበት። ስንቱ ተማሪ ግራውን ይዞ ይሄዳል? ይቆጠር። ከሳምንት በኋላ እንደገና ይቆጠርና ሁለቱ ጎን ለጎን ይሳሉ። ልጅ በራሱ እግር ቁጥር መለወጥ እንደሚችል የሚያየው ያኔ ነው።

አራተኛ፣ ፍጥነት። በአጥሩ ልክ 50 ሜትር ለክታችሁ ሁለት ምልክት አድርጉ። መኪናው ያንን በ6 ሰከንድ ካለፈ ፍጥነቱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ነው፤ በ3 ሰከንድ ካለፈ 60 ነው። በ60 የሚበር ሹፌር ልጅ አይቶ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪደርስ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት፣ መኪናው ወደ 17 ሜትር ሄዷል፤ ገና ፍሬን ሳይዝ! ያንን 17 ሜትር ግቢ ውስጥ በእርምጃ ይለኩት።

ያንቺ መንገድ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ጣሊያን የጠረገውን የሊማሊሞን ጥምዝምዝ ዳገት በከባድ ማርሽ ሲያቃስት ወጥቶ ደባርቅ ሜዳ ላይ የደረሰ ሹፌር፣ «ተገላገልኩ» ብሎ ነዳጅ ቢረግጥ አይገርምም። በዚያው ሰዓት ከየቀበሌው በጉም ውስጥ በእግሩ የሚመጣ ተማሪ አለ። ዳባት የምታውቂያት መምህርት ካለች እሷም ታስቆጥርና ወረቀት ተለዋወጡ። መንገዱ ያው የጎንደር መንገድ ነው፤ ቁጥሩ ግን ይለያይ ይሆናል። ለምን እንደተለያየ ልጆቹ ይከራከሩ።

በመጨረሻ፣ ግራፉ ክፍል ውስጥ ተለጥፎ አይቅር። ከወላጆች ኮሚቴ ጋር ሆናችሁ ለቀበሌውና ለትራፊክ ፖሊስ አድርሱት። የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ጠይቁ፤ ዜብራ ጠይቁ፤ በመልቀቂያ ሰዓት መንገዱ ላይ የሚቆም ትልቅ ሰው ጠይቁ። በአንድ ቀን ይሳካል ብዬ አልዋሽሽም። ነገር ግን «መኪና በዛብን» ከማለት «ልጆች በሚለቀቁበት ግማሽ ሰዓት ይሄን ያህል መኪና አለፈ፣ ከዚያ ውስጥ ይሄን ያህሉ ከ30 በላይ ይበር ነበር» ማለት ይከብዳል። እንዲህ ያለውን አቤቱታ ገፍቶ መመለስ ለማንም አይቀልም።

እጮኛሽን ደግሞ አትቀየሚው፤ ናፍቆት ነው የሚያናግረው። የዓመቱን ትምህርት ጨርሰሽ፣ ግራፉን ይዘሽ ሄደሽ አሳዪው። መልቀቅ አለመልቀቁን ያኔ ተመካከሩ።

እናንተም የከተማ ልጆች! ጭላዳና ዋልያ ልታዩ ወደ ሰሜን ተራሮች ስትወጡ፣ ሚኒባሷ ውስጥ ሆናችሁ «ሹፌር፣ ንካው እንጂ!» የምትሉትን ነገር ተዉ። ዳባትና ደባርቅ ስትደርሱ «ቀስ በል» በሉት። መንገዱ ዳር ትምህርት ቤት አለ።

ቸር ይግጠመን! ደብዳቤያችሁን ላኩልን።