ጎልፍ ሜዳው እና የቤት ወረፋው

የቤት ኪራይ በጨመረ ቁጥር “ቆይ፣ መሬቱ ሁሉ የት ገባ?” ብላችሁ ታውቃላችሁ? ሆንግ ኮንግ ውስጥ ይህ ጥያቄ ሲነሳ ብዙዎች የሚጠቁሙት አንድ ቦታ አለ፤ ፋንሊንግ የሚገኘውን የጎልፍ ሜዳ።

ታሪኩ ረጅም ነው። የሆንግ ኮንግ ጎልፍ ክለብ የተመሠረተው በ1889 (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ዘመን ነው። በ1911 ፋንሊንግ ላይ ሜዳውን ከፈተ። ያኔ አካባቢው ገጠር ነበር። ዛሬ ዙሪያው ፎቅ ነው። ስፋቱ 172 ሄክታር ነበር፤ በግርድፉ 240 የእግር ኳስ ሜዳ ማለት ነው።

ነገር ግን መሬቱ የክለቡ አይደለም። እዚያም እንደኛው መሬት የሚያዘው በሊዝ ነው። ልዩነቱ ለግል ስፖርት ክለቦች ሊዙ ለዘመናት በነፃ ወይም ለስሙ ያህል በሆነ ክፍያ መሰጠቱ ነው። ዋጋ የሌለው ነገር ደግሞ ርካሽ ይመስላል እንጂ አይደለም፤ ክፍያው በሌላ ሰው ላይ ያርፋል። እዚህ ላይ የከፈለው ወረፋ ጠባቂው ነው። በ2023 የመንግሥት ኪራይ ቤት ለማግኘት በአማካይ ከ5 ዓመት በላይ ይጠበቅ ነበር። በ2021 ከ200,000 በላይ ሰዎች ይኖሩ የነበረው በተሸነሸኑ ጠባብ ክፍሎች ውስጥ ነው።

በ2019 መንግሥት 32 ሄክታሩን መልሶ ለመውሰድ ወሰነ፤ በ2023 ተረከበው። ዕቅዱ 12,000 ያህል ቤቶችን መገንባት ነበር። ክለቡ ግን ዛፎቹንና የአካባቢውን ተፈጥሮ ጠቅሶ ፍርድ ቤት ሄደ። በታህሳስ 2024 ፍርድ ቤቱ ፕሮጀክቱ ያገኘውን የአካባቢ ተጽዕኖ ፈቃድ ሻረው።

እውነቱን ለመናገር የክለቡ ደጋፊዎችም ባዶ እጃቸውን አይደሉም። በከተማዋ ዳርቻ መጋዘንና የመኪና ማቆሚያ የሆነ ከ1,000 ሄክታር በላይ መሬት አለ። “ለምን ከዚያ አትጀምሩም?” ይላሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ችግሩ ያ መሬት ብዙ ባለይዞታ አለው፣ ካሳ ይፈልጋል፣ ጊዜ ይበላል። ጎልፍ ሜዳው ግን አንድ ተከራይና አንድ ባለቤት ብቻ ነው ያለው።

ለእኔ ትምህርቱ ጎልፍ ይጥፋ አይደለም። የሕዝብ መሬት በቅናሽ ሲሰጥ ቅናሹ ስንት እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ ነው። ቁጥሩ ከታወቀ ሕዝቡ “ይገባዋል” ወይም “አይገባውም” ማለት ይችላል። ካልታወቀ ግን ክርክሩ በዛፍ ስም ይካሄዳል፣ ወረፋውም ይቀጥላል።

የቀሪው 140 ሄክታር ሊዝ የሚያልቀው በ2027 ነው። ያኔ ዋጋው ይጻፍ ይሆን? አብረን እናያለን።