የፈረምነው መገኘታችንን ነው

ግልጽ ደብዳቤ ለወረዳችን ምክር ቤት አባላት

ጉዳዩ፦ በትምህርት ቤቱ መንገድ ላይ ስለተነሱት የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎች

የተከበራችሁ የምክር ቤታችን አባላት፣

ባለፈው ሳምንት ለሌላ ጉዳይ ወረዳ ሄጄ ፋይል ሲገላበጥ ስሜን አየሁት። ተራ ቁጥር 17፤ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ስልክ፣ ፊርማ። ፊርማው የራሴ ነው። ከላይ የተያያዘው ደብዳቤ ግን «የአካባቢው ነዋሪ ተወያይቶ ጉብታዎቹ እንዲነሱ በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል» ይላል። ተወያየ በተባለበት ስብሰባ እጄን አውጥቼ የተናገርኩት የዚህን ተቃራኒ ነበር። ከእናንተም አዳራሹ ውስጥ የነበራችሁ ሰምታችኋል።

የመንገዱን ታሪክ ለእናንተ አልተርክም። ኮብልስቶኑ ሲነጠፍ ከየቤቱ መዋጮ የሰበሰብነው አብረን ነው። አስፋልት ሲለብስ ተመስገን ብለናል። ዋናው መንገድ ሲጨናነቅ መኪናው ሁሉ በእኛ ሰፈር ማቋረጥ ጀመረ፤ ሁለት ልጆችም ተገጩ። ያኔ አቤቱታ ባስገባን በወሩ ጉብታ አሠርታችኋል። ይህን መካድ ነውር ነው፤ አልክድም።

ሥራው ግን ጥሩ አልነበረም። ጠባብና ሹል ስለነበር የቤት መኪና ሆዱን ይፈትገው ነበር። ሕመምተኛ ይዞ የሚያልፍ ታክሲ መከራውን ያያል። ቀለም አልተቀባም፣ ምልክት አልተተከለለትም፤ ማታ ሾፌሩ ጉብታ መኖሩን የሚያውቀው ከወጣበት በኋላ ነው። ያመለከትነው ይህንን ነው። ደህና አድርጎ መሥራት ይቻላል፤ የእንግሊዝ አጥኚዎች በአውሮፓውያኑ 1970ዎቹ የሠሩት ጉብታ ርዝመቱ 3.7 ሜትር ገደማ፣ ከፍታው ከ7.5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ቀስ ብሎ የመጣውን አይጎዳም፣ የሚበረውን ያነጥረዋል። እኛ «አስተካክሉት» አልን። እናንተ ነቅላችሁ ጣላችሁት።

ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ ግን የተነቀለበት መንገድ ነው። ስብሰባው የተጠራው ረቡዕ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነበር። ሰው ሁሉ ሥራ ላይ፣ እናቶች ገበያ፣ መምህራን ክፍል ውስጥ ናቸው። በድምፅ ማጉያ የተነገረን «የልማት ውይይት» ተብሎ ነው፤ ስለ ጉብታ አንድ ቃል አልተባለም። በር ላይ አንዲት ወጣት ውኃ እያደለች በክር የታሰረ እስክሪብቶ ትሰጠናለች፤ ፈርመን እንገባለን። የወረቀቱ ራስጌ «የተሰብሳቢዎች ስም ዝርዝር» ይል ነበር። የጉብታው ነገር የተነሳው መጨረሻ ላይ፣ በ«ልዩ ልዩ» ሥር ነው። አምስት ሰዎች ተናገርን። ሁለቱ ይነሳ አሉ፣ ሦስታችን ይስተካከል አልን። ድምፅ አልተሰጠም። ሰዓቱ ሄዷል ተባለና ተበተንን።

ታዲያ ያ «ሙሉ ድምፅ» የማን ድምፅ ነው? ለመገኘት የተፈረመ ወረቀት የስምምነት ወረቀት የሚሆነው በየትኛው ደንብ ነው? ቃለ ጉባኤ የያዘው ሰው የሰማውን ጽፎ ቢሆን ኖሮ ሦስታችን የት ገባን? ብንሸነፍ ባልከፋኝ። የከፋኝ በራሴ ፊርማ መሸነፌ ነው። ለዚህ ሰፈር ዕድር ውስጥ፣ መዋጮ ላይ፣ የመንገድ ኮሚቴ ውስጥ ስፈርም ኖሬያለሁ፤ አንድ ቀን ፊርማዬ በእኔ ላይ ይመሰክራል ብዬ አስቤ አላውቅም። ነገ ስብሰባ ብትጠሩ ሰው በሩ ላይ ደርሶ እስክሪብቶውን ሲያይ ይመለሳል። ጉብታ በሁለት ቀን ይሠራል፤ ይህንን ግን በምን ትጠግኑታላችሁ?

የመንገዱ ችግር የእናንተ ወረዳ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በከተማችን በትራፊክ አደጋ ከሚሞተው ሰው አብዛኛው እግረኛ ነው። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ መንገዶች ለመኪና ሲዘጉ ደስ ብሎን ወጥተናል። በኮሪደር ልማቱም ዋና ዋናዎቹ መንገዶች ሰፊ የእግረኛና የብስክሌት መሄጃ አግኝተዋል። ወደ ሰፈር ውስጥ ሲገባ ግን ልጆች የሚመላለሱበት መንገድ የሚለካው መኪናው በስንት ደቂቃ አቋረጠ ተብሎ ነው። በአውሮፓውያኑ 2020 ስቶክሆልም ላይ የተካሄደው ዓለም አቀፍ የመንገድ ደኅንነት ጉባኤ፣ እግረኛና መኪና በሚቀላቀልበት ቦታ ፍጥነት በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር እንዳያልፍ ያሳሰበው በምክንያት ነው። በ30 የሚሄድ መኪና፣ መንገዱ ደረቅ ከሆነ፣ ሾፌሩ ልጅ ካየ በኋላ 13 ሜትር ገደማ ሄዶ ይቆማል። በ50 ለሚሄደው ያ 13 ሜትር የሚያልቀው የሾፌሩ እግር ገና ፍሬን ሳይነካ ነው።

ትናንት ጠዋት ጉብታው የነበረበት ቦታ ቆሜ ነበር። አስፋልቱ ላይ ጠባሳው አለ። አንዲት ልጅ የታናሽ ወንድሟን እጅ ይዛ ሦስት ጊዜ ወደ መንገዱ ገብታ ሦስት ጊዜ ተመለሰች። በአራተኛው የሱቁ ባለቤት ወጥቶ እጁን ዘርግቶ አሻገራቸው።

አባቶች «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላሉ። በዚህ መንገድ ላይ ግን መከራው የሚያገኘው እምቢ ያለውን ሳይሆን ቦርሳ ያዘለችውን ልጅ ነው። ስለዚህ ምክር ቤት የሚለውን ስማችሁን ይዤ እጠይቃችኋለሁ። ያንን ደብዳቤ ከፊርማችን ላይ ንቀሉት። አጀንዳውን አስቀድማችሁ በየበሩ ለጥፉ፤ እናቶች፣ መምህራንና የሱቁ ባለቤት ሊመጡ በሚችሉበት እሑድ ከሰዓት ጥሩን። የተባለውን ሁሉ ጻፉ፤ ከጻፋችሁ በኋላ አንብቡልን። ድምፅ ስጡ በሉን። ያኔ «ይነሳ» የሚለው ቢያሸንፍ ተቀብዬ እፈርማለሁ።

እስከዚያው ግን ተራ ቁጥር 17ን ሰርዙልኝ።

ከትምህርት ቤቱ መንገድ ነዋሪዎች አንዱ