ማፍጠን ከመጠገን አይቀድምም፦ ያረጁ ላፕቶፖችና የተዋሐደ ግራፊክስ ጉዳይ በባምባሲ

ከአሶሳ ወደ ባምባሲ ተጉዞ የመስክ መረጃ የሚሰበስብ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ካርታውን የሚሠራው፣ የቀረጸውን ቪዲዮ የሚመረምረውና መመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጀው ብዙውን ጊዜ በአንድ ላፕቶፕ ነው። ያ ላፕቶፕ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለ፣ ራሱን የቻለ የግራፊክስ ካርድ የሌለው፣ ምስልን በፕሮሰሰሩ ውስጥ በተዋሐደው ግራፊክስ ብቻ የሚያሳይ ሊሆን ይችላል። ማሽኑ ሲንቀራፈፍ ከሚሰጡት ምክሮች አንዱ ኦቨርክሎኪንግ ነው፤ ይኸውም ግራፊክሱ ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ እንዲሠራ ማስገደድ ማለት ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ምክሩ ለእንዲህ ያለው ተማሪ ከጥቅሙ ጉዳቱ እንደሚያመዝን፣ የዝግመቱም ምክንያት በአብዛኛው ሌላ ቦታ እንደሚገኝ ማሳየት ነው።

ምክሩ ያለ ምክንያት አልመጣም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ኮምፒዩተር በብር ሲተመን ከብዙ ተማሪዎች አቅም ርቋል። ማይክሮሶፍት ደግሞ ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. በኋላ ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ እነዚህን አሮጌ ፕሮሰሰሮች በይፋ አይቀበልም። አዲስ መግዛት ያልቻለ ሰው ያለውን ለማፍጠን ቢመኝ አይፈረድበትም። ጥያቄው መንገዱ ያዋጣል ወይ የሚለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 ለገበያ የቀረበውን ኮር አይ5-3320ኤም ፕሮሰሰር እንደ ምሳሌ እንውሰድ። በውስጡ ያለው ኤችዲ ግራፊክስ 4000 መነሻ ፍጥነቱ 650 ሜጋኸርዝ ሲሆን፣ ሥራ ሲበዛበት ራሱ እስከ 1,200 ሜጋኸርዝ ይወጣል። ስለዚህ አምራቹ አስቀድሞ ሊያፈጥነው የሚችለውን ያህል አፍጥኖታል። ፕሮሰሰሩና ግራፊክሱ የሚካፈሉት የሙቀት ወሰን በድምሩ 35 ዋት ነው። ሁለቱ ከአንድ መሶብ እንደሚበሉ ናቸው፤ አንዱ ሲያበዛ ለሌላው ይጎድላል። የሚፈጀው ኃይል ደግሞ ከፍጥነቱ ጋርና ከቮልቴጁ ካሬ ጋር አብሮ ያድጋል። ፍጥነቱ በ20 በመቶ፣ ቮልቴጁ በ10 በመቶ ቢጨመር የግራፊክሱ የኃይል ፍጆታ በ45 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ማሽኑ ወሰኑን ሲነካ ራሱን ለመከላከል ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ የተጨመረው ሁሉ በዚያው ይመለሳል።

የአካባቢው ጠባይም ለዚህ አይረዳም። በ1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ በባሕር ወለል ካለው በ14 በመቶ ያህል ይሳሳል፤ አሶሳና ባምባሲም ከዚህ ከፍታ ብዙ አይርቁም። የሳሳ አየር ሙቀትን የመሸከም አቅሙ አነስተኛ ስለሆነ ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት እየዞረ የሚያስወጣው ሙቀት ይቀንሳል። በዚህ ላይ የበጋው ሙቀትና አቧራ፣ ለዓመታት ያልተለወጠው የደረቀ ቴርማል ፔስትም ይጨመርበታል። እንዲህ ያለው ላፕቶፕ ፋብሪካው የሰጠውን ፍጥነት እንኳ ይዞ መቆየት አይችልም። ማራገቢያውን ማጽዳትና ፔስቱን መለወጥ የጠፋውን ፍጥነት ይመልሳል፤ ኦቨርክሎኪንግ ግን የሌለውን ለመበደር መሞከር ነው።

ከሁሉም በላይ የዝግመቱ ምንጭ ብዙውን ጊዜ የግራፊክሱ ፍጥነት አይደለም። የተዋሐደ ግራፊክስ የራሱ ማስታወሻ ስለሌለው ከኮምፒዩተሩ ራም ይጠቀማል። ከላይ በተጠቀሰው ፕሮሰሰር አንድ የዲዲአር3-1600 ራም ብቻ ሲሰካ በሰከንድ የሚተላለፈው መረጃ እስከ 12.8 ጊጋባይት ነው፤ በሁለተኛው መሰኪያ አቻው ሲጨመር 25.6 ይደርሳል። ካርታ የሚሠራበት ኪውጂአይኤስም በአመዛኙ የሚደገፈው በፕሮሰሰሩ፣ በራሙና በዲስኩ ነው። ቪዲዮን በተመለከተ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ነው። ብዙ አዳዲስ ስልኮች በኤች.265 ቅርጸት ይቀርጻሉ፤ ኤችዲ 4000 ግን ኤች.264ን እንጂ ኤች.265ን የሚፈታ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል የለውም። የሌለ ክፍል ደግሞ በማፍጠን አይፈጠርም። መፍትሔው ስልኩ በኤች.264 እንዲቀርጽ ማስተካከል ወይም ፋይሉን ወደዚያ ቅርጸት መለወጥ ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

አደጋውን ለመመዘን በማሽኑ ውስጥ ያለውን ማሰብ ያስፈልጋል። ባምባሲ ከኦሞአዊ ቋንቋዎች ቤተሰብ የሚመደበውን የማኦ ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች ከሚኖሩባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። የተናጋሪዎቹ ቁጥር ጥቂት በመሆኑ ከአንድ አዛውንት የተቀረጸ የአንድ ሰዓት ድምፅ ሁለተኛ ላይገኝ ይችላል። በብዙ ላፕቶፖች የግራፊክሱን ፍጥነት ከወሰኑ ለማሳለፍ አምራቹ ያላዘጋጀውን ባዮስ መጫን ግድ ይላል። ባትሪው በደከመ ማሽን ላይ ባዮስ በሚጻፍበት ቅጽበት መብራት ቢቋረጥ ላፕቶፑ ከነጭራሹ ላይነሣ ይችላል። ባይሞት እንኳ ያልተረጋጋ ማሽን ፋይል በማስቀመጥ ላይ ሳለ በድንገት ሊጠፋና ፋይሉን ሊያበላሽ ይችላል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

በተቃራኒው ወገን ያሉ ሰዎች ኦቨርክሎኪንግ የኮምፒዩተርን አሠራር በተግባር ያስተምራል ይላሉ። እውነት ነው። የፍጥነት፣ የቮልቴጅና የሙቀት ዝምድና በመጽሐፍ ከሚነበበው ይልቅ በእጅ ሲነካ ይገባል። ነገር ግን የመማሪያው ማሽን ቢበላሽ የማያሳዝን፣ ከአገልግሎት ውጭ ሆኖ በቤተ ሙከራ የተቀመጠ እንጂ ጥናት የተከማቸበት መሆን የለበትም። ለዕለት ሥራ የሚስማማው ተቃራኒው መንገድ፣ ማለትም ቮልቴጅን በጥቂቱ መቀነስ ነበር፤ ሙቀትን ስለሚቀንስ ማሽኑ ፍጥነቱን ይዞ እንዲቆይ ያግዛል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ፕላንደርቮልት የተባለው የደኅንነት ክፍተት ይፋ ከሆነ በኋላ ኢንቴል ቮልቴጅን በሶፍትዌር መለወጥ የሚያግድ ማሻሻያ አውጥቷል፤ ስለዚህ በበርካታ ላፕቶፖች ይህም በር ተዘግቷል። ለጥቂት ፍጥነት ሲባል የደኅንነት ማሻሻያን ወደኋላ መመለስም አይመከርም።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ሊሆን ይገባል። በመጀመሪያ የጥናቱ መረጃ በሌላ ዲስክ ይገልበጥ፤ ቀጥሎ ማሽኑ ይጽዳ፣ ፔስቱም ይለወጥ፤ ከዚያ ራም ይጨመር፣ ዲስኩም ወደ ኤስኤስዲ ይቀየር፤ የቪዲዮው ቅርጸትም ይስተካከል። ይህን ሁሉ አድርጎ አሁንም የሚንቀራፈፍ ማሽን የሚያስፈልገው ማስገደድ ሳይሆን መተካት ነው። የትምህርት ክፍሎችም ተማሪዎች ወደ መስክ ከመውጣታቸው በፊት የላፕቶፕ ጽዳትና የመረጃ ግልባጭ የሚከናወንበት አንድ ቀን ቢመድቡ ወጪው አነስተኛ ነው። በዚያ ቀን የሚድነው ግን የአንድ ተማሪ የሁለት ዓመት ድካም፣ አንዳንዴም ዳግመኛ የማይሰማ ድምፅ ሊሆን ይችላል።