ዳሌው ተለውጦለት እግሩ ለደነዘዘበት ሰው ቤተ ሰቡ ሊያደርግለት የሚገባ



በቤተ ሰብ መካከል ሰው ታሞ ቀዶ ጥገና ባስፈለገው ጊዜ የሐኪሙ ሥራ አጭር ነው፤ የቤተ ሰቡ ሥራ ግን ረዥም ነው። ሐኪሙ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሥራውን ፈጽሞ ይሸኛል፤ ከዚያ ወዲያ ያሉት ወራት ሁሉ በሚስትና በባል፥ በልጅና በወንድም እጅ የሚወድቁ ናቸው። የዚህም ነገር እውነትነት በግልጥ የሚታየው፥ የዳሌው መገጣጠሚያ ተለውጦለት ወደ ቤቱ በተመለሰ፥ ነገር ግን ነርቩ በመጎዳቱ እግሩ ደንዝዞ በተንጠለጠለበት ሰው ላይ ነው። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን ይህን ጉዳይ ለቤተ ሰብ በሚጠቅም መንገድ እናስረዳለን።

ዳሌን መለወጥ ማለት፥ ያረጀውን ወይም የሞተውን የጭን አጥንት ራስ ቈርጦ አውጥቶ በሰው እጅ በተሠራ ራስ መተካት፥ የሚገባበትንም ጕድጓድ አዲስ ሽፋን ማልበስ ነው። ይህን ጥበብ በዛሬው መልኩ ያቋቋሙት እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሊ ሲሆኑ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1962 ዓ.ም. በራይቲንግተን ሆስፒታል የብረቱን ራስ በጠንካራ ፕላስቲክ ጕድጓድ ውስጥ ማዞር ጀመሩ። በአውሮፓ ለዚህ ሕክምና የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ መገጣጠሚያው በእርጅና ያለቀበት ሰው ነው። በእኛ አገር ግን ከወደቀ በኋላ ስብራቱ ሳይታከም የቈየበት፥ ደም ስላልደረሰው የአጥንቱ ራስ የሞተበት፥ ወይም በልጅነቱ መገጣጠሚያው ታሞ እግሩ ያጠረበት ሰው ብዙ ጊዜ ይገኛል። እንዲህ ያለው እግር ለብዙ ዘመን አጥሮ ስለ ቈየ፥ ሲስተካከል ነርቩ አብሮ ይሳባል። ሊቃውንቱ እግር ከ4 ሳንቲ ሜትር በላይ በአንድ ጊዜ ሲረዝም ለነርቩ አደጋ እንዳለው የሚያስጠነቅቁት በዚህ ምክንያት ነው።

ከመገጣጠሚያው በስተ ኋላ የሚያልፈው ትልቁ ነርቭ በውፍረቱ የሰው ጣት ያህላል። ከወገብ ተነሥቶ በጭን ጀርባ ይወርዳል፤ ከጉልበት አጠገብም ተከፍሎ እስከ እግር ጣት ይደርሳል። በመሳብ፥ በመሣሪያ በመጫን ወይም ደም በመቋጠር ሊጎዳ ይችላል፤ አንዳንድ ጊዜም ምክንያቱ ተመርምሮ አይገኝም። ዳሌያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከተለወጠላቸው 100 ሰዎች መካከል ይህ የሚደርሰው በአንዱ ላይ ያህል ነው፤ ዳሌው ከልደት ጀምሮ በወለቀ ወይም ለሁለተኛ ጊዜ በተሠራ ሰው ላይ ግን ይበዛል። እንግዲህ ነርቩ መጎዳቱ ብቻውን የሐኪሙን ቸልተኝነት አያስረዳም። ይሁን እንጂ የሆነው ነገር ተገልጦ እንዲነገረውና የተሠራለት ሥራ በጽሑፍ እንዲሰጠው መጠየቅ የበሽተኛው መብት ነው።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል መናገር ያስፈልጋል። በአገራችን አነጋገር ሥጋን ከአጥንት የሚያያይዘውም፥ ስሜትንና ትእዛዝን የሚያመላልሰውም ብዙ ጊዜ በአንድነት «ጅማት» ወይም «ሥር» ይባላል። ስለዚህ እግር በደነዘዘ ጊዜ «ሥሩ ዞሮበት ነው» ይባልና ወጌሻ ይጠራል። ወጌሻውም በልማዱ በቅቤ ያሻል፥ ይስባል፥ ያጣምማል። ነገር ግን የተጎዳው ነርቭ የዞረ ሥር አይደለምና በማሸት አይመለስም። አዲሱ ዳሌ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ወራት በዙሪያው ያለው ሥጋ ገና ስላልጠነከረ፥ ተስቦ ቢጣመም ሊወልቅ ይችላል። የወጌሻ ሙያ በሌላ ቦታ ቢመሰገንም፥ የተለወጠ ዳሌ ላለው ሰው አይገባም።

ነርቭ የሚድነው እንዴት ነው? እንግሊዛዊው ሐኪም ኸርበርት ሴዶን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1943 ዓ.ም. የነርቭን ጉዳት በሦስት ደረጃ ከፍለው አስረዱ። አንደኛው፥ ነርቩ ሳይቈረጥ ሥራውን ብቻ ያቆመበት ነው፤ ይህ ከጥቂት ሳምንት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ይመለሳል። ሁለተኛው፥ ሽፋኑ ደኅና ሆኖ በውስጡ ያሉት ቀጫጭን ክሮች የተበጠሱበት ነው፤ እነዚህ ክሮች በሽፋናቸው ውስጥ እየተመሩ እንደገና ያድጋሉ። ሦስተኛው፥ ነርቩ በሙሉ የተቈረጠበት ነው፤ ይህ ያለ ቀዶ ጥገና የሚመለስበት ተስፋ እጅግ ጥቂት ነው።

በሁለተኛው ደረጃ ያለ ክር በቀን የሚያድገው 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከዳሌ አንሥቶ እግርን ወደ ላይ የሚያነሣው ሥጋ እስካለበት እስከ ጉልበት ግርጌ ድረስ ወደ 45 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፥ መንገዱ 450 ቀን ያህል ይፈጃል፤ ይኸውም ወደ አንድ ዓመት ከሦስት ወር የሚጠጋ ነው። እስከ ጣት ጫፍ ለመድረስ ደግሞ ከሁለት ዓመት በላይ ያስፈልጋል። ይህን ሒሳብ ያላወቀ ቤተ ሰብ በሦስተኛው ወር ተስፋ ይቈርጣል፤ ወይም በጥድፊያ የማይገባ መድኃኒት ይፈልጋል። ያወቀ ግን ይታገሣል። ይሁን እንጂ ትዕግሥት ማለት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። ነርቩ በመንገድ ላይ ሳለ እግሩ ተጣሞና ቈስሎ ቢጠብቀው፥ መድረሱ ምን ይጠቅማል? የቤተ ሰቡ ሥራ፥ ነርቩ እስኪመለስ ድረስ እግሩን ደኅና አድርጎ ማቈየት ነው።

ለምሳሌ ያህል፥ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ባለችው በአምበር ከተማ የሚኖሩ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ በአዲስ አበባ ዳሌያቸው ተለወጠላቸው እንበል። ወደ ቤታቸው ለመመለስ የዓባይን በረሓ ወርደውና ወጥተው፥ በደጀንና በሉማሜ በኩል ያልፋሉ። በዚህ ጕዞ የፊተኛው ወንበር ወደ ኋላ ተገፍቶ፥ ከሥራቸው ትራስ ተጨምሮ፥ በየሰዓቱ መኪናው ቆሞ በድጋፍ እንዲራመዱ ማድረግ ይገባል። ከቤት ከደረሱ በኋላ ደግሞ የሚከተሉት ነገሮች ይጠበቁ።

አንደኛ፥ የእግሩ አቋም። እግርን ወደ ላይ የሚያነሣው ሥጋ ስለ ደከመ መርገጫው ወደ ታች ይንጠለጠላል። እንዲህ ሆኖ ከቈየ በስተ ኋላ ያለው የተረከዝ ጅማት ያጥራል፤ በኋላ ነርቩ ቢመለስ እንኳ ቍርጭምጭሚቱ አይታዘዝም። ስለዚህ በሽተኛው በጀርባው ተኝቶ፥ ከጉልበቱ ሥር የተጠቀለለ ጋቢ ገብቶለት፥ ከቤተ ሰብ አንዱ ተረከዙን በመዳፉ ይዞ መርገጫውን በቀስታ ወደ ላይ ይግፋ። እስከ 30 ቈጥሮ ይልቀቅ፤ ይህን በእያንዳንዱ ጊዜ ጥቂት ጊዜ እየደጋገመ በቀን ሦስት ጊዜ ያድርግ። በሽተኛው ብቻውን ቢሆን ረዥም መቀነት በውስጥ እግሩ ላይ አዙሮ መሳብ ይችላል፤ ነገር ግን ወደ ፊት አይጎንበስ። ሌሊት ልብሱ እግሩን እንዳይጫነው ከግርጌ በሣጥን ቢደገፍ መልካም ነው።

ሁለተኛ፥ ቈዳው። የማይሰማው እግር የሚቃጠለውና የሚቈስለው ባለቤቱ ሳያውቅ ነው። ይህን ትምህርት ለአገራችን ያስተማረው የሥጋ ደዌ ሕክምና ነው። በህንድ አገር በቬሎር የሠሩት ዶክተር ፖል ብራንድ፥ በሥጋ ደዌ የታመሙ ሰዎች ጣታቸውን የሚያጡት በደዌው ብቻ ሳይሆን፥ ስሜት ባጣው እጅና እግራቸው ላይ በየቀኑ በሚደርሰው ጉዳት መሆኑን አስረዱ። በ1958 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በልዕልት ዘነበ ወርቅ ሆስፒታል ስፍራ የተቋቋመው አለርት ይህንኑ የእግር አጠባበቅ ለብዙ ሰዎች አስተምሯል። ደንቡም ቀላል ነው። በየማታው እግሩ ታጥቦ፥ ተረከዙና በጣቶች መካከል ያለው በብርሃን ይታይ። ከጫማው ውስጥ ጠጠር ወይም እሾህ እንዳይኖር ሳይመረመር አይጫማ። የሚታጠብበት ውሃ ሙቀቱ በሌላ ሰው ክንድ ይለካ። እግሩን ከምድጃ አጠገብ አያሙቀው። ሲተኛ ተረከዙ ምንጣፉን እንዳይነካ ከባቱ ሥር ትንሽ ትራስ ይደረግለት። ባዶ እግር መሄድ ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን።

ሦስተኛ፥ አዲሱ ዳሌ። ቀዶ ጥገናው በስተ ኋላ በኩል የተደረገ እንደ ሆነ፥ ሐኪሙ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ድረስ ሦስት ነገር ይከለክላል፤ እነዚህም ጭንን ከወገብ ጋር ከቀጥተኛ ማዕዘን በላይ ማጠፍ፥ እግርን ማነባበርና የተሠራውን እግር ወደ ውስጥ ማዞር ናቸው። የአገራችን ቤት ግን በርጩማው ዝቅ ያለ ነው፤ መደቡም እንዲሁ። መጸዳጃውም ቁጢጥ የሚያስብል ነው። ስለዚህ መቀመጫው ከጉልበት ከፍ ያለ ባለ መደገፊያ ወንበር ይዘጋጅ፤ ለመጸዳጃም ዐናጢ መካከሉ ክፍት የሆነ ጠንካራ ወንበር ይሥራ። ሲተኛ በጭኖቹ መካከል ትራስ ይግባ። ሐኪሙ ሳይፈቅድ በበቅሎ አይቀመጥ። ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም የሄደ እንደ ሆነ ስግደቱን ትቶ በመቋሚያው ተደግፎ ይቁም፤ ሲደክመውም ከፍ ባለ ስፍራ ይቀመጥ።

አራተኛ፥ አካሄድ። የተንጠለጠለ እግር በደፍና በምንጣፍ ጫፍ ይሰናከላል። ለዚህ እግርን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ የፕላስቲክ ድጋፍ አለ፤ ከጫማ ውስጥ ገብቶ ከባት ጋር ይታሰራል። በባሕር ዳር የአካል ተሐድሶ ማእከል አለ፤ የደብረ ማርቆስ ሐኪም ወደዚያ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ። ምርኩዙ በደኅናው እግር በኩል ባለው እጅ ይያዝ። ደረጃ ሲወጣ ደኅናው እግር ይቅደም፤ ሲወርድ የታመመው ይቅደም። አንዳንድ ሽማግሌዎች በምርኩዝ መታየትን ያፍራሉ። ነገር ግን በጎጃም ከዘራ የትልቅ ሰው መያዣ እንጂ የውርደት ምልክት ሆኖ አያውቅም። ወድቆ አጥንት ከመስበር ከዘራ መያዝ ይሻላል።

አምስተኛ፥ ሕመሙና መንፈሱ። የተጎዳ ነርቭ እንደ እሳት ያቃጥላል፥ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝራል፤ በተለይ በሌሊት ይብሳል። ለተራ ሕመም የሚሰጠው ክኒን ለዚህ እምብዛም አይጠቅምም። ሐኪም አሚትሪፕቲሊን ወይም ጋባፔንቲን የሚባሉትን መድኃኒቶች በልክ ያዛል፤ እንቅልፍ ስለሚያመጡ የወሰደ ሰው በሌሊት ሲነሣ ብቻውን አይሂድ። እንደ ጕንዳን መሄድ ያለ ስሜት ቀስ በቀስ ወደ ታች መውረድ የጀመረ እንደ ሆነ ግን አትደንግጡ። ፈረንሳዊው ሐኪም ዡል ቲኔል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1915 ዓ.ም. እንዳስረዱት፥ ይህ ብዙ ጊዜ የነርቩ ክር ማደጉን የሚያመለክት ነው። ከሁሉ ይልቅ በሽተኛውን ከቤት ጉዳይ አታግልሉት። ነገር እንዲሰማ፥ ምክር እንዲሰጥ፥ እንግዳ እንዲቀበል አድርጉ። እግሩ ቢደነዝዝ አእምሮው አልደነዘዘምና።

ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ሐኪም መመለስ የሚገባው መቼ ነው? ድንገት ብርቱ ሕመም መጥቶ እግሩ ያጠረና የዞረ እንደ ሆነ፤ ደኅና የነበረው እግር በአንድ ጊዜ ደክሞ ጭኑ ያበጠ እንደ ሆነ፤ ቍስሉ መግል ያወጣ ወይም ትኩሳት የተነሣ እንደ ሆነ፤ ባቱ አብጦ ትንፋሽ ያጠረ እንደ ሆነ፤ ሽንትን መቈጣጠር የተሳነው እንደ ሆነ። እነዚህ ለነገ የሚባሉ አይደሉም።

የነርቭ ምርመራ በኤሌክትሪክ መሣሪያ የሚደረገው ከ3 ወይም ከ4 ሳምንት በኋላ ሲሆን ነው፤ ከዚያ አስቀድሞ የሚገኘው ውጤት ሙሉ አይሆንም። ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ መርገጫው ካልተነሣ፥ ደኅና የሆነውን ጅማት ከስፍራው አዛውሮ እግርን እንዲያነሣ የሚያደርግ ቀዶ ጥገና አለ። ይህም ሥራ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ሲደረግ የኖረ ነው። ስለዚህ ነርቩ ባይመለስ እንኳ መንገዱ አልተዘጋም፤ ነገር ግን ይህ ሥራ የሚሳካው ቍርጭምጭሚቱ ሳይደርቅ ለቈየለት ሰው ነው።

እንግዲህ በከተማ ሹመት ይዛችሁ አባትና እናታችሁ በአምበር፥ በብቸና ወይም በሞጣ የሚኖሩ አንባቢዎቻችን ሆይ፥ ለሕክምናው ገንዘብ በመክፈል ብቻ ግዴታችሁ የተፈጸመ አይምሰላችሁ። ወንበሩን የሚያሠራ፥ እግሩን በየማታው የሚመለከት፥ ቍርጭምጭሚቱን በየቀኑ የሚያንቀሳቅስ አንድ ሰው በስም ተለይቶ ይመደብ። ነርቩ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ይሄዳል፤ የቤተ ሰቡም ትጋት ቀን ሳያጓድል አብሮት ይሂድ።