አሮጌውን ቴላዮ ከመቀባት በፊት ማንበብ

ብዙ ሰዎች አሮጌ ዕቃ ባገኙ ጊዜ አስቀድሞ የሚታያቸው ዝገቱ ነው። በዚህ የሚነቀፉ አይደሉም፤ ዓይን የሚያርፈው በጉድፉ ላይ ነውና። ነገር ግን ዕቃው በእጅ የተሠራ የእሽቅድምድም ብስክሌት ቴላዮ የሆነ እንደ ሆነ፥ ዝገቱን ለማጥፋት በሚደረገው ችኮላ አብሮ የሚጠፋው ነገር ከዝገቱ ይልቅ የከበደ ስለ ሆነ አሳባችንን ለአንባቢዎቻችን ልናካፍል ወደድን።

ቴላዮ የምንለው ጎማው፥ መሪውና ኮርቻው ሲወልቁ የሚቀረውን የብረት ቧንቧ አካል ነው። ቃሉ የጣልያን ነው፤ ካቴናና ኩሽኔታም ከዚያው አገር ወደ ጋራዦቻችን የገቡ ናቸውና የሚላኖ ብስክሌት ሠሪ ስለ ሥራው ሲናገር የአዲስ አበባ ጠጋኝ አንዳንዱን ያለ አስተርጓሚ ይሰማዋል። በክብ ሜዳ ለመሽቀዳደም የተሠራውን ቴላዮ ከመንገዱ ብስክሌት ለመለየት ብዙ ዕውቀት አያስፈልግም። የኋላው ጎማ የሚገባበት ስንጥቅ አፉን ወደ ኋላ የከፈተ ነው፤ ካቴናው የሚወጠረው ጎማውን ወደ ኋላ በመሳብ ነውና። ማርሽ መለወጫ የሚታሰርበት ቦታ የለውም። ብዙውን ጊዜ ለፍሬን የሚሆን ቀዳዳም የለውም፤ ፔዳሉ ከኋላው ጎማ ጋራ ሳያቋርጥ ስለሚዞር ጋላቢው ፍጥነቱን የሚያበርደው በእግሩ ጉልበት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ማን ሠራው የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ግን ቀለሙን አምኖ መፍረድ ያሳስታል። ቤልጅጋዊው ኤዲ መርክስ በ1972 (ዓመታቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በሜክሲኮ ከተማ በአንድ ሰዓት 49 ኪሎ ሜትር ከ431 ሜትር ሲጋልብ በብስክሌቱ ላይ ተጽፎ የነበረው ዊንድሰር የሚል የሜክሲኮ ፋብሪካ ስም ነው። ቴላዮውን የሠራው ግን ጣልያናዊው ኤርኔስቶ ኮልናጎ ነበር። በሚላኖ ከተማም ቪጎሬሊ የሚባል በ1935 የተከፈተ የእሽቅድምድም ሜዳ አለ፤ ፋውስቶ ኮፒ በ1942፥ ዣክ አንክቲል በ1956 የአንድ ሰዓቱን ክብረ ወሰን ያገኙት በዚያ ነው። በዚሁ ሜዳ ሥር ሱቅ የነበረው ፋሊዬሮ ማዚ ለታላላቅ ጋላቢዎች ከሠራቸው ቴላዮዎች አያሌዎቹ የሌላ ፋብሪካ ስም ተቀብተው ወጥተዋል። ስሙን ያስጻፈው ገንዘብ የከፈለው ነው፤ በእሳትና በሞረድ የደከመው ሰው ግን ስሙ በቀለሙ ላይ የለም።

እንግዲህ ይህ ሰው የሚገኘው ከወዴት ነው? ከብረቱ ነው። ሁለት ቧንቧዎች በሚገናኙበት ቦታ መጋጠሚያው በነሐስ ወይም በብር ተበይዶ፥ ከዚያ በኋላ ጠርዙ በሞረድ እየሳሳ የሠሪውን ልማድ ይይዛል። አንዱ ጫፉን እንደ ጦር ያሾለዋል፤ ሌላው ትንሽ መስኮት ይከፍትበታል። የፔዳሉ ዘንግ የሚገባበት ወፍራም ቧንቧ ከሥሩ ሲገለበጥ ቁጥር ሊገኝበት ይችላል። ይኸው ቧንቧ ሲለካ 70 ሚሊ ሜትር ከሆነ ጣልያናዊ፥ 68 ከሆነ እንደ እንግሊዝ ልማድ የተሠራ መሆኑን ያመለክታል። የጣልያኑ ክዳኖች ሁለቱም ወደ ቀኝ ሲዞሩ የሚጠብቁ ሲሆኑ የእንግሊዙ የቀኝ ክዳን የሚጠብቀው ወደ ግራ ነው፤ ይህን ሳያውቅ በጉልበት የሚፈታ ሰው ጥርሱን ይበላዋል። የፊቱ ሹካ ወጥቶ አንገቱ ከውስጥ ሲታይ እንደ ጠመንጃ አፈሙዝ የሚሽከረከሩ አምስት ጅማቶች ከተገኙበት፥ ቧንቧው በሚላኖ በ1919 የተመሠረተው የኮሎምቡስ ሥራ ለመሆኑ ጥሩ ምስክር ነው።

ኮሎምቡስ ኤስ ኤል የተባለው ቧንቧ በጫፎቹ 0.9፥ በመካከሉ 0.6 ሚሊ ሜትር ብቻ የሚወፍር ነው። ይህን የመሰለ ስስ ብረት በአሸዋ ግፊት የሚያስፍቅ ወይም በድንጋይ ሞረድ የሚያስፈጭ ሰው የሚያነሣው ቀለሙን ብቻ አይደለም። የሞረዱ ጠርዝ ይደበዝዛል፤ ቁጥሩ ይጠፋል፤ ብረቱም ጉልበቱን ያጣል። በላዩ የሚያብረቀርቅ ቀለም ሲቀባበት ደግሞ ገዢው አዲስ ነገር ያገኘ ይመስለዋል። ነጋዴዎች ይህን «ማደስ» ይሉታል። እኛ ግን ስሙ ከሥራው ጋራ የሚስማማ አይመስለንም። በሞቀ ውሃና በሳሙና ማጠብ፥ ዝገቱን በዘይትና በለሰለሰ ጨርቅ ቀስ እያሉ ማስለቀቅ፥ ቧንቧውን ከውስጥ ዘይት ማጠጣት፥ የተጣበቀውን የኮርቻ ምሰሶ በመዶሻ ከመደብደብ ቀናት ወስዶ ዘይት እያስጠጡ መጠበቅ፤ ለብዙዎቹ ቴላዮዎች ይህ ይበቃቸዋል።

ብስክሌት ለመጋለብ እንጂ በመስታወት ሣጥን ለመቀመጥ አልተፈጠረም የሚሉ አሉ፤ አሳባቸው ትክክል ነው። ነገር ግን አስቀድሞ ከመሪው በስተኋላ ያሉትን ቧንቧዎች በጣት ዳብሰው ከሥር በኩል እጥፋት እንዳይኖር፥ በመጋጠሚያዎቹም አጠገብ ስንጥቅ እንዳይኖር ይመርምሩ። ከተገኘም የተሰነጠቀውን ቧንቧ ቆርጦ የሚተካ ባለ እጅ ዘንድ ይውሰዱት፤ ቀለም ስብራትን ይሸፍናል እንጂ አይጠግንም። ፍሬን የሌለውንም ብስክሌት መኪና በሚተላለፍበት መንገድ ላይ ማውጣት በራስም በሰውም ሕይወት መቀለድ ነው።

ቀድሞ የያዘው ሰው በመንገድ ሊጋልበው ፈልጎ ሹካውን ለፍሬን በስቶት ቢገኝስ? ይህ አዘውትሮ የሚያጋጥም ነው፤ ብዙ አዳሾችም ቀዳዳውን ደፍነው ያልተነካ ያስመስሉታል። እኛ በበኩላችን ቀዳዳው ባለበት ይቅር፥ ፍሬንም ይታሰርበት እንላለን።