የኮምፒውተር ጥግ፦ «ሀ» ቁጥሯ ስንት ነው?

ልጆች፣ ለአያታችሁ አማርኛውን በላቲን ፊደል ጽፋችሁ ስትልኩ ምን እንደሚያደርጉ ታውቃላችሁ? የኔ እናት ስልኳን ይዛ ጎረቤት ትሄድ ነበር፣ «አንብቡልኝ» ብላ።

ኮምፒውተር ፊደልን በመልኩ አያውቀውም፤ በቁጥር ነው የሚይዘው። ኪቦርዱን ስትነኩ ቁጥር ይገባል፣ ስክሪኑ ቁጥሩን መልሶ ፊደል አድርጎ ያሳያችኋል። ድሮ የአማርኛ ሶፍትዌሮች ቁጥራቸው የተለያየ ስለነበር፣ አንዱ ላይ የተጻፈው ሌላው ላይ ሲከፈት ዝብርቅርቅ ይላል (ስንቱን ደብዳቤ እንደገና ጻፍነው!)። እ.ኤ.አ. በ1999 ግን ዩኒኮድ ለፊደላችን የጋራ ቁጥር ሰጠ፦ ሀ 4608፣ ሁ 4609፣ ሂ 4610 እያለ ይቀጥላል። ለ 4616 ነው።

ስለዚህ ስልካችሁ ላይ የኪቦርድ ማስተካከያው ውስጥ ገብታችሁ አማርኛን ጨምሩ። መጀመሪያ ቀስ ይላል። ልጄ «እማማ ደህና ነሽ?» ለማለት ሦስቴ አጥፍታ ጻፈች። እናቴ ያን ቀን ጎረቤት አልሄደችም።